ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አግዳሚ

የባቡር ድርጅቱ ሰዎች ከኋላዬ "መቀሷ" ነው የሚሉኝ። ፊት ለፊትማ "እሜቴ" ነኝ፤ ወንበር ይሳብልኛል፣ ውሃ ይቀርብልኛል፣ የልጆቼ ጤንነት ይጠየቃል። ልጅ እንደሌለኝ እንኳ አያውቁም። አልፈርድባቸውም። ገንዘብ ሚኒስቴር ውስጥ የባቡሩን በጀት የምይዘው እኔ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እነሱ ሲጠይቁ እኔ ስቆርጥ ኖረናል።

አሠራሩ ከገበያ ክርክር ብዙም አይለይም። ሻጭ አሥር ይላል፣ ገዢ አምስት ይላል፣ ዋጋው ሰባት መሆኑን ሁለቱም በልባቸው ያውቃሉ። ባቡር ድርጅቱም ሰባት ሲያስፈልገው አሥር ብሎ ይጽፋል፣ እኔ ሦስቱን እቆርጣለሁ፣ እሱ "ኧረ አለቅን!" ብሎ ይጮኻል፣ ከዚያ ሰባቱን ይዞ እየሳቀ ይሄዳል። እኔም "ይህን ያህል ሚሊዮን አዳንኩ" ብዬ ሪፖርቴን እጽፋለሁ። ሁላችንም ዓይናችንን በጨው አጥበን የምንዋሽበት፣ ነገር ግን ማንም የማይጎዳበት ጨዋታ ነበር።

ይህን ጨዋታ ጨርሶ ያልለመደ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ እሱም የገዛ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ የሐዲድ ተቆጣጣሪ ነው። ከዋናው መስመር ተገንጥሎ በሚሄደው አሮጌ ሐዲድ ላይ፣ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ሠላሳ አንድ ዓመት በእግሩ ተመላልሷል። በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ሰፊ ወንዝ አለ፤ በወንዙ ላይ ዘጠኝ ቁጥር የሚባለው ድልድይ አለ። በድልድዩ ላይ ሐዲዱ የሚያርፍባቸውን ወፋፍራም እንጨቶች "አግዳሚ" ይሏቸዋል፤ ስድስት መቶ ናቸው። ወንድሜ ማለዳ ረጅም እጀታ ያለው መዶሻውን ይዞ ይወጣና እያንዳንዱን አግዳሚ አንድ ጊዜ ይመታል። ደህናው እንጨት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ዝም ይላል። ዝም ባለው ላይ በጠመኔ መስቀል ያደርግበታል፣ ከዚያ ቁጥሩን በላስቲክ በተለበጠ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። የሥራ ባልደረቦቹ "ጠመኔ" ያሉት ለዚህ ነው። ሱሪው ኪሱ ዙሪያ ሁልጊዜ ነጭ ነው፤ ሚስቱ የምታጥበው እየተራገመች ነው።

ወንድሜ የቆጠረውን ያህል ብቻ ይጽፋል። ሃምሳ ከሆነ ሃምሳ፣ ሃምሳ አንድ ከሆነ ሃምሳ አንድ። ደግነቱ ከእሱ በላይ የመስመሩ ኃላፊ አለ። የኃላፊው ቅጽል ስም "ጨምሩ" ነው፤ ማንም ሰው ቁጥር ይዞለት ሲገባ ቀና ብሎ ሳያይ "ጨምሩ!" ስለሚል። ወንድሜ ሃምሳ ብሎ ያመጣውን ጨምሩ ሰባ አድርጎ ወደ ላይ ይልከዋል፣ እኔ ከላይ ሆኜ ሃያውን እቆርጠዋለሁ፣ ሃምሳው አግዳሚ ተጭኖ ይመጣል። ወንድሜ ታዲያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ "አየሽ፣ እውነቱን ከጻፍሽ ይሰጡሻል" ይለኝ ነበር። እኔም እስቅና ዝም እላለሁ። ታላቄ ነው፤ ምን ብዬ ልንገረው?

ዘንድሮ አዲስ ዳይሬክተር መጣልን። ወጣት ነው፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አያስቀምጥም፣ ንግግር ያውቃል። በመጀመሪያው ስብሰባችን ላይ "በጀት የመተማመኛ ሰነድ ነው" አለን፤ እኛ የዱሮዎቹ እርስ በርስ ተያየን። ከስብሰባው በኋላ ጠራኝና ለሁሉም መሥሪያ ቤት የሚላክ ደብዳቤ እንዳረቅ አዘዘኝ። የተጋነነ ጥያቄ ይቁም፣ እውነተኛው ቁጥር ይምጣ የሚል ደብዳቤ ነው። አረቀቅሁ። ከመጨረሻው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ከራሴ ጨመርኩበት፦ "ትክክለኛ ቁጥር ያቀረበ መሥሪያ ቤት ጥያቄው አይቀነስበትም።" ዳይሬክተሩ አነበበው፣ ፈገግ አለ፣ ፈረመ።

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት መቀስ መሆን እጅ ያደክማል። ጡረታዬ ሳይደርስ አንድ ዓመት እንኳ ሰው የጠየቀኝን እውነት ብዬ ተቀብዬ፣ እኔም ያልኩትን ሰጥቼ ማየት አማረኝ።

ደብዳቤው ለሁሉም ደረሰ። ኋላ እንደሰማሁት ሁሉም አንብበው ሳቁና ለማንኛውም ብለው ከወትሮው አብልጠው ጨመሩ። በአገሩ ሙሉ ያንን ደብዳቤ ያመነ አንድ ሰው ቢኖር፣ ያው የጻፈችው ራሷ ናት።

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ወንድሜ ጋ ሄድኩ። ባቡሩ ዘጠኝ ቁጥር ድልድይ ላይ ሲደርስ እንደ በሽተኛ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ በመስኮት አጎንብሶ ወንዙን ላየ ሰው በእንጨቶቹ መካከል ውሃው ብልጭ ብልጭ ይልበታል። የወንድሜን ሚስት ከድልድዩ ማዶ ባለው ጣቢያ ላይ የቲማቲም ሳጥኖቿን ደርድራ አገኘኋት። ከጓሮዋ የለቀመችውንና ከጎረቤቶቿ የሰበሰበችውን ቲማቲም በየሦስት ቀኑ በባቡሩ ወደ ከተማ ትወስዳለች። ከወንዙ ማዶ ያለው ሰው ሁሉ ኑሮው በዚያ ባቡር ነው፤ በመኪና የሚሄድ ካለ በተራራው ዞሮ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።

"መጣሽ መቀሷ?" አለችኝ ጉንጬን እየሳመች። "ዛሬ ደግሞ ምን ልትቆርጪ ነው? ከሳጥኖቼ ላይ እጅሽን አንሺ!"

"አንቺን ነው የምቆርጥሽ፣ ወፍረሻል።"

"ወንድምሽ ሳይቀድምሽ? ከእንጨቱ ጋር ነው የተጋባው፤ እኔን ሳያየኝ ሠላሳ ዓመት ሆነው።"

ወንድሜ ከድልድዩ ጫፍ ላይ እጁን እያውለበለበ ጠራኝ። ቀጥሎ የሚመጣው ባቡር ከሰዓት ስለነበር አብሬው በድልድዩ ላይ ተራመድኩ። እኔ እንጨት እየመረጥኩ እረግጣለሁ፤ እሱ ግን በገዛ ቤቱ በረንዳ ላይ እንዳለ ሰው ነው የሚሄደው። መዶሻውን ያነሳል፣ ይመታል፣ ጆሮውን ያዘነብላል።

"ይሄን ስሚው" ይለኛል። ኳ! ይላል እንጨቱ። "ደህና ነው። ይሄንንስ?" ድም ይላል፣ ጆንያ የመታ ይመስል። "ሞቷል። ከላይ ስታይው ግን ምን ይጎድለዋል?" እውነትም ከላይ ሲታይ ምንም አይጎድለውም ነበር።

"ስንት ደረሱ ወንድም ጋሼ?"

"ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። የአምናው ጭነት ሳይደርስ ስለቀረ ተደራረቡብኝ። ከክረምቱ በፊት ካልተቀየሩ ባቡር ማሳለፍ አልችልም እህት ዓለም። እስካሁንም በቀስታ እያስኬድን ነው ያለፍነው፤ ከዚህ በኋላ ግን በቀስታም አይሆንም።"

ያን ጊዜ ነው ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ያሳየሁት። ቆሞ አነበበው፣ መነጽሩን አውልቆ እንደገና አነበበው። "ታዲያ ይሄማ እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ነው" አለኝ ግራ ተጋብቶ። ሳቄ መጣ፤ ክንዱን ይዤ ወደ ጨምሩ ቢሮ ወሰድኩት።

የጨምሩ ቢሮ ከቲኬት መሸጫው ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ግማሹን ቦታ የያዘው ውሃ የገባበት የመዝገብ ክምር ነው። ደብዳቤውን ፊቱ ዘረጋሁለት። ሳያነበው "ሦስት መቶ ብዬ ልኬዋለሁ፣ ነገ ይደርሳል" አለ።

"አስመልሰው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ብለህ ጻፍ።"

ቀና ብሎ አየኝ። "እሜቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሃያ ዓመት የቆረጡን እርስዎ ነዎት። አሁን ደግሞ መጥተው ልብሳችሁን ራሳችሁ አውልቁ ነው የሚሉን?"

"ዘንድሮ አይቀነስም። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"ደብዳቤ ስንቱን አየን!"

"ወንድሜ ይሙት አይቀነስም!" አልኩት።

ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ነበር። "ኧረ እባክሽ፣ እኔን ለእንጨት ገደልሽኝ" ብሎ ሳቀ። ጨምሩም ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ግን ፊቱ ጠቆረ፤ አዲስ ቅጽ አወጣ፣ ቁጥሩን በፊደልም በአኃዝም ጻፈ፣ ማኅተሙን መታ። ቅጹን ሲሰጠኝ እጁ ለቀቅ አላደረገውም። "በሕይወቴ ቁጥር ሳልጨምር የፈረምኩት ይሄ የመጀመሪያዬ ነው" አለኝ። "ራቁቴን አደባባይ የወጣሁ ነው የመሰለኝ።"

በበጀት ስሚው ዕለት፣ መሥሪያ ቤቶች ጥያቄያቸውን ለማስረዳት በትልቁ አዳራሽ በሚቀርቡበት ቀን፣ ባቡር ድርጅቱ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገረ። አዳዲስ ፉርጎዎች፣ የጣቢያ ጣሪያ፣ ለመንገደኞች መጠበቂያ ክፍል ስልሳ ወንበር። ከስልሳው ወንበር የሚያስፈልገው አርባ መሆኑን አውቃለሁ፤ ክፍሉን አይቼዋለሁ፣ ስልሳ ወንበር ቢገባበት ሰው አይገባበትም። ዘጠኝ ቁጥር ድልድይ የደረሰው ተራ አርባ ሰባት ላይ ነበር። "ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አግዳሚ" ሲል አንባቢው ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ቀና አለ። "ይህን ቁጥር ወደድኩት" አለ። "እንደ ሌሎቹ በዜሮ የሚያልቅ አይደለም። የቆጠረ ሰው አለ ማለት ነው።" ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። የቆጠረው ሰው የማን ወንድም እንደሆነ ለመናገር አፌን በላኝ፤ ግን የዘመድ ጉዳይ እንዳይሆን ብዬ ምላሴን ነከስኩ።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ከላይ ስልክ ተደወለ። የዓመቱ ገቢ ከታሰበው በታች ሆኗል፤ የበጀቱ ጣሪያ ወርዷል። ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠራኝ። ቆሞ በመስኮት ወደ ግቢው መኪና ማቆሚያ ያይ ነበር።

"ከደመወዝ፣ ከዕዳና ከደህንነት እርምጃ በስተቀር ሁሉም ላይ ሠላሳ ፐርሰንት ይቀነስ" አለኝ። "ማንንም ከማንም አንለይም። ጥያቄውን በዜሮ ነጥብ ሰባት ያባዙትና እስከ ነገ ያምጡልኝ።"

"ደብዳቤውስ?"

"የቱ ደብዳቤ?"

"አይቀነስበትም ያልነው።"

አስታወሰ። ፊቱ ትንሽ ቀላ፤ ክፉ ሰው አይደለም። "እሱ መርሕ ነበር። ይሄ ገቢ ነው።"

"እውነቱን የጻፈና የዋሸ እኩል ሊቆረጥ ነው?"

"ማን እንደዋሸ በምን እንለያለን? ጊዜ የለንም። እባክዎ ያባዙት።"

ወንበሬ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሩ ላይ አንዱ ሣጥን ውስጥ ቀመሩን ጻፍኩና ወደታች ጎተትኩት። አንድ ጊዜ ነው የሚጎተተው፤ ጣት እንኳ አያደክምም። የመጠበቂያው ክፍል ስልሳ ወንበር አርባ ሁለት ሆነ፤ ከፈለጉት ሁለት ትርፍ አገኙ። የጣቢያው ጣሪያ ልክ የፈለጉት ቁጥር ላይ አረፈ። ፉርጎዎቹም እንዲሁ። ተራ አርባ ሰባት ላይ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ አንድ መቶ አርባ ስምንት ሆነ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ እንዲተርፍ ስንት መጠየቅ ነበረበት ብዬ ወረቀት አውጥቼ ወደኋላ አሰላሁት። ትክክለኛው ውሸት ሦስት መቶ ሦስት ነበር። ጨምሩ ሦስት መቶ ብሎ ልኮ ነበር፤ በዘልማድ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣ ለሁለት እንጨት ብቻ ነው የሳተው።

ለወንድሜ በምሳ ሰዓት ከደረጃው ሥር ሆኜ ደወልኩለት። የወጣውን ቁጥር ነገርኩት። ከጀርባው የወንዙ ድምፅ ይሰማኛል።

"አንድ መቶ አርባ ስምንቱን ቀይርና የቀረውን ለሚመጣው ዓመት..." አልኩ።

"አይሆንማ እህት ዓለም። አዲሱ እንጨት ከፍ ብሎ ይቆማል፣ የበሰበሰው ይዘቅጣል። ክብደቱ ሁሉ አዲሶቹ ላይ ይወድቅና እነሱንም ይሰነጥቃቸዋል። አንድ ላይ ነው የሚቀየረው።" ትንሽ አሰበ። "ስልሳ አራቱን የት ልደብቃቸው?"

"ይቅር በለኝ" ማለት ፈልጌ "መላ እፈልጋለሁ" አልኩት።

እውነትም ፈለግሁ። ሦስት ቀን መመሪያውን ሳገላብጥ ከረምኩ፤ በመጨረሻም ዳይሬክተሩ ራሱ የተናገረው ቃል ትዝ አለኝ፦ የደህንነት እርምጃ አይቀነስም። ዘጠኝ ቁጥር ከጥገና ወጥቶ በደህንነት ርዕስ ቢገባ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ሙሉ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ተቆጣጣሪው "ድልድዩ አደገኛ ነው" ብሎ የፈረመበት። ተቆጣጣሪው ደግሞ ወንድሜ ነው። እጄን አጨበጨብኩ፤ አብራኝ የምትሠራው ጸሐፊ አብጄ መስሏት ዞር ብላ አየችኝ።

"ከፈረምኩ ባቡሩ በዚያው ቀን ይቆማል" አለኝ ወንድሜ በስልክ። "ታውቂያለሽ አይደል?"

"ቢበዛ ወር ነው፤ ገንዘቡ ይለቀቃል፣ እንጨቱ ይመጣል፣ ባቡሩ ይሄዳል።"

"ሚስቴ ትገድለኛለች።"

"እኔ አስረዳታለሁ።"

"እህት ዓለም።" ድምፁ ዝቅ አለ። "ውሸት አይደለም እኮ። ድልድዩ እውነትም አደገኛ ነው። ለክረምቱ ልፈርመው የነበረ ወረቀት ነው። እኔን የጨነቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ። ወንድሜ..."

"አትማይ!" አለኝ ቶሎ ብሎ። "ባለፈው ገድለሽኛል፣ አሁንስ ይበቃኛል።" ሁለታችንም ሳቅን። በማግስቱ ፈረመ።

ባቡሩ ሐሙስ ቆመ። ቅዳሜ የወንድሜ ሚስት ደወለችልኝ። ትሳደባለች ብዬ ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነበር፤ አልተሳደበችም። "ስምንት ሳጥን አለኝ" አለች። "የጎረቤቶቼ ስድስት ሳጥን አለ። የጭነት መኪናው ሰውዬ በተራራ ዞሮ ለመውሰድ የሚጠይቀው ከቲማቲሙ ዋጋ ይበልጣል። ለስንት ቀን እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ። ዕቅዴን ላውቅ ብዬ ነው።"

"ለአንድ ወር።"

"ቲማቲም ወር አይጠብቅም" አለችና ዘጋችው።

የወንድሜ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ እንደደረሰ ወዲያው አንቀሳቀስኩት። አዲስ ቅጽ ሞላሁ፣ በደህንነት ርዕስ አስገባሁ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ፣ ራሴው ይዤ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። የወንድሜን ፊርማ አየ፣ ገጹን ገለበጠ፣ እስክሪብቶውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

"ባቡሩ ቆሟል?" አለኝ።

"ሐሙስ ዕለት።"

"እንግዲያው አደጋው ተወግዷል።"

ወረቀቱን መልሼ ገፋሁለት። "እንዴት?"

"የደህንነት እርምጃ ማለት አደጋን የሚያስወግድ እርምጃ ነው። ባቡር በማያልፍበት ድልድይ ላይ ምን አደጋ አለ? ሰው እንዳይገባበት ሁለቱን ጫፍ ማጠር፣ ሰሌዳ መትከል፣ ጥበቃ መቅጠር፤ ለዚህ ሙሉውን እፈቅዳለሁ፣ ሳንቲም አልቀንስም። እንጨት መቀየር ግን ጥገና ነው።"

"እሺ፣ በጥገና አንድ መቶ አርባ ስምንቱን..."

"አገልግሎት ለማይሰጥ መስመር የጥገና በጀት አይያዝም። መመሪያውን ከእኔ በላይ ያውቁታል።"

"አገልግሎት የማይሰጠው ስላልተጠገነ ነው!"

"ገብቶኛል" አለ። እውነትም ገብቶት ነበር፤ ያ ነው የበለጠ ያናደደኝ። "ግን አንዴ ለአንድ ድልድይ መመሪያ ከጣስኩ ነገ ስንቱ ደጄ ላይ ይሰለፋል? እኔም እኮ ከበላዬ ሰው አለ።"

ያን ጊዜ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። "የፈረመው ወንድሜ ነው። እኔ ነኝ ፈርም ያልኩት። ቁጥሩን እውነት ጻፉ ያልኩትም እኔ ነኝ። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ..." ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ቤት ውስጥ ሌላውን ሳስለቅስ እንጂ ሳለቅስ ማንም ያላየኝ እኔ መቀሷ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ዳይሬክተሩ ተነስቶ ውሃ ቀዳልኝ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። "ይህን አልነገሩኝም" አለ፣ "እኔም አልሰማሁም። ለእርስዎ ብዬ ነው። የሥጋ ዘመድዎ በፈረመበት ሰነድ ላይ ጥያቄ አቅርበዋል ቢባል ጡረታዎም ይነካል።" ብርጭቆውን ወደ እኔ አስጠጋው። ጠጣሁ።

አንድ መቶ አርባ ስምንቱ አግዳሚ ከመዝገቡ ተሰረዘ። ገንዘቡ በዓመቱ ሪፖርት ላይ "ከዘጠኝ ቁጥር ድልድይ የተገኘ ቁጠባ" ተብሎ ተጻፈ፤ ለክፍላችን የምስጋና ወረቀት መጣልን። ጸሐፊዋ ግድግዳ ላይ ልስቀለው አለችኝ። ሰቀለችው።

የብረት አጥሩ ድልድዩ ላይ የደረሰው ክረምቱ ሳይገባ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ በፍጥነት የተለቀቀ ገንዘብ አላየሁም። ሁለት በር፣ ሁለት ቀይ ሰሌዳ፣ አንድ የጥበቃ ቤት። ጨምሩ ወደ ሌላ መስመር ተዛወረ፤ ሲሄድ አልደወለልኝም፣ እኔም አልደወልኩለትም። ወንድሜን ግን ሦስት ዓመት ብቻ ለጡረታ ስለቀረው የሚያዛውሩት ቦታ አጡ። ለድልድዩ ጥበቃ የተያዘ የሥራ መደብ ነበር፤ ደመወዝ ስለሆነ መቀስ አይነካውም። እሱን ቀጠሩት።

የወንድሜ ሚስት ቲማቲሙን ትታ ከተማ ካለች እህቷ ዘንድ ልብስ አጣቢ ሆናለች። በወር አንዴ በጭነት መኪናው ላይ ተሳፍራ ትመጣለች። ስትደውልልኝ እንደ ዱሮው "መቀሷ" አትለኝም፤ "እህቴ" ነው የምትለኝ። የዱሮው ይሻለኝ ነበር።

ዓመቱ ዞረና የበጀት ጥያቄ መሰብሰቢያው ወር ደረሰ። ከባቡር ድርጅቱ የመጣው ክምር ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ዳይሬክተሩ አዲስ ደብዳቤ አልጻፈም፤ ሁሉም እንደ ዱሮው ጨምሯል፣ እኔም እንደ ዱሮው እቆርጣለሁ። ስለ ዘጠኝ ቁጥር አንዲት መስመር ብቻ አለች፦ አጥር፣ ሰሌዳ፣ ጥበቃ። የተጠየቀውና የተፈቀደው እኩል ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ደወለ።

"ሥራ ላይ ነሽ?" አለኝ። "አላስቸግርሽም። ቁጥሩን ልሰጥሽ ነው።"

"የምን ቁጥር?"

"የአግዳሚው ነዋ! ወሩ እኮ ነው። አሁን ጨምሩ ስለሌለ የምሰጠው ሰው አጣሁ። ለአንቺ ልስጥሽ ብዬ ነው።" ደብተሩን ሲገልጥ የላስቲኩ ድምፅ ተሰማኝ። "ጥበቃ ሆንክ ብለው መዶሻዬን ሊወስዱብኝ ነበር፤ አልሰጠሁም። ማለዳ ማለዳ እየመታሁት ነው። ክረምቱ ጎድቶታል እህት ዓለም፤ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ደርሷል። ሳልጨምር ነው፣ ደግሜ ቆጥሬዋለሁ። ያዢው፦ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ።"

እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ቅጹ ፊቴ ነው። ለተዘጋ ድልድይ የአግዳሚ መስመር አይወጣም፤ ቁጥሩ የሚያርፍበት ሣጥን የለም። ዳር ላይ ያለው ነጭ ቦታ ላይ ልጽፈው አሰብኩ፤ ዳር ላይ የተጻፈ ነገር ቅጹን ያበላሸዋል፣ ይመለሳል። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠምኩ።

"ጻፍሽው?" አለኝ።

ወንድሜን ከልጅነቴ ጀምሮ ዋሽቼው አላውቅም። ደብዳቤውም ያን ጊዜ እውነት መስሎኝ ነው፤ ፈርም ያልኩትም እውነት መስሎኝ ነው።

"ጻፍኩት ወንድም ጋሼ" አልኩት።

"ጎበዝ" አለኝ። "ዘንድሮ እንግዲህ ይሰጡናል።"